ልጄ ሌሊት እየተነሣ ያለቅሳል፤ ጌሙን ልጣለው?

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣

አምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ናት። እኔ ከሥራ ገብቼ፣ ልጁን እራት አብልቼ፣ የቤት ሥራውን አይቼለት ስጨርስ ለሁለታችን የምትተርፈን አንድ ሰዓት ብቻ ናት። በዚያች ሰዓት አብረን ጌም እንጫወታለን።

ጌሙ «ዞምቢስ ኤት ማይ ኔበርስ» ይባላል፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ለሱፐር ኒንቴንዶና ለሴጋ የወጣ የድሮ ጨዋታ ነው። ልጅ ሆኜ አሜሪካ እንደመጣሁ ከአክስቴ ልጅ ጋር እንጫወተው ነበር። ያኔ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የማናግረው ሰው አልነበረኝም። ማታ ማታ ግን ጆይስቲክ ይዤ ከእሱ ጎን ስቀመጥ እኩያው ነበርኩ። በ2021 ለአሁኖቹ ማጫወቻዎች እንደገና ሲያወጡት ለኒንቴንዶ ስዊች ገዛሁትና ልጄ እስኪደርስልኝ ጠበቅኩ። አሁን እሱ ባለመነጽሩን ዚክን ይይዛል፣ እኔ ጁሊን። ሰፈሩን ዞምቢ፣ ሙሚ፣ ቫምፓየርና ተኩላ ሰው ወርሮታል፤ እኛ እየሮጥን እየተኮስን ጎረቤቶቻችንን እናወጣለን። ተኩላ ሰው ሲመጣብን ልጄ «ባባ፣ ሹካውን! ሹካውን!» እያለ ይጮሃል፤ የብር ሹካና ማንኪያ ከተወረወረበት በአንድ ምት ነው የሚወድቀው። እንደዚያ ሲስቅ ሌላ ጊዜ አላየውም።

እናቴ ከጎንደር መጥታ ከእኛ ጋር ከከረመች ወዲህ ግን ቤታችን ሰላም አጣ። አንድ ማታ ከኋላችን ቆማ ዞምቢዎቹ ከመሬት ውስጥ ሲወጡ አየች። አማተበችና «በሕፃን ፊት መቃብር ይከፈታል?» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ ጌሙ ሲከፈት ሳሎን አትቀመጥም።

ሰሞኑን ደግሞ ልጁ ሌሊት ይባንን ጀመር። እያለቀሰ አልጋዬ ውስጥ ይገባል፤ «ልጅቷ ሞተችብን፣ አልደረስንላትም» ይላል። እናቴ ትራሱ ላይ ጠበል ረጭታ «ይኸው፣ አላልኩህም? ጋኔን ነው የምታሳየው» አለችኝ። ባለቤቴም ሽጠው ብላኛለች። ልጁ በበኩሉ ማታ ሲሆን «ባባ፣ እንጫወት» ብሎ ይለምነኛል። ያቺን ሰዓት ካጣሁ ከልጄ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር የቀረ አይመስለኝም። ምን ላድርግ?

የአንድ ልጅ አባት፣ ከሜሪላንድ

*

ወንድሜ ሆይ፣

ደብዳቤህ ውስጥ አልፈሃት የሄድካት አንዲት ነገር አለች፤ ለእኔ ዋናዋ እሷ ናት። ልጅህ ሌሊት ተነሥቶ «ዞምቢው መጣብኝ» አላለህም። «ልጅቷ ሞተችብን፣ አልደረስንላትም» ነው ያለህ። እናትህ ጋኔን ፈርቶ ነው አሉ፤ አንተም ስጋታቸውን ተቀብለህ መልስ ፍለጋ ጻፍክልኝ። ልጁ ግን ያለቀሰበትን ምክንያት በራሱ አፍ ነግሮሃል።

ጨዋታውን አውቀዋለሁ። «ልጅቷ» የሚላት ፖምፖም ይዛ የምትዘልለዋ ቺርሊደር (የስፖርት ቡድን አበረታች) ትመስለኛለች። አንድ ሌቭል (የጨዋታ ደረጃ) ውስጥ ቢበዛ አሥር ጎረቤቶች አሉ፤ ቁጭ ያለ ሕፃን፣ ሥጋ የሚጠብስ አባወራ፣ ካሜራ ያነገቡ ቱሪስቶች። ከየትም የመጣ አደጋ የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ጥብሳቸውን እየጠበሱ፣ ፎቷቸውን እያነሱ ይሞታሉ። ጭራቁ ቀድሟችሁ ከደረሰ ይጮሃሉ፣ ወዲያው አንዲት ትንሽ መልአክ ወደ ሰማይ ትወጣለች። በዚያም አያበቃም። አንድ ሰው ከጠፋባችሁ ቀጣዩ ሌቭል በዘጠኝ ይጀምራል፣ ሁለት ከጠፋ በስምንት፤ ጎረቤት ካለቀ ጨዋታውም ያልቃል። አንተ ይህን ስታይ ሒሳብ ይሆንልሃል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ሰው ነው የሚያየው፤ እሱ ስለዘገየ የሞተ ሰው። በማግስቱ ጌሙን ስትከፍቱ ያ ጉድለት እዚያው ይጠብቀዋል። ማታ እንጫወት ብሎ የሚለምንህም ለዚህ ይመስለኛል፤ ያልደረሰላትን ሊደርስላት ይፈልጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ ጌሙ ሳይከፈት፣ በቀን አነጋግረው። ልጅቷ የት ነበረች? አንተ በየት በኩል ነበርክ? እኔስ? ብለህ እንዲተርክልህ አድርግ። «ውሸት እኮ ነው፣ ሥዕል ነው» አትበለው፤ ሥዕል መሆኑን እሱም ያውቃል፣ ኀዘኑ ግን የእውነት ነው። ከዚያ ሁለታችሁ አብራችሁ እንደነበራችሁ አስታውሰው። ይህ ጨዋታ ሁለት ተጫዋቾችን በአንድ ስክሪን አስሮ ነው የሚያስኬደው፤ አንዱ ሌላውን ጥሎ መሮጥ አይችልም። ስለዚህ ያልደረሰው እሱ ብቻ አይደለም፣ አባቱም ነው። ይህን ከአንተ አፍ መስማት ያስፈልገዋል።

ደግሞም ነጥባችሁ እየተጠራቀመ ሲሄድ ጨዋታው አንድ ጎረቤት መልሶ ይጨምርላችኋል። ብዙ ልጆች በሩጫው መሀል ይህን አያስተውሉም። ያቺን ቅጽበት ጠብቀህ ጨዋታውን አቁምና አሳየው። በተረፈ የራዳሩን፣ ጎረቤቶቹ የት እንዳሉ የሚያሳየውን ካርታ፣ ነገር ለእሱ ተውለት፤ የትኛው ጎረቤት ሩቅ እንዳለ፣ ወደ ማን ቀድማችሁ እንደምትሄዱ እሱ ይወስን፣ አንተ መንገድ ጥረግለት። ጥይት መቆጠብም አስተምረው፤ ሹካው ተራ ዞምቢዎች ላይ ካለቀ ተኩላ ሰው ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል።

ሰዓቱን በተመለከተ ከእናትህ ጋር ነኝ። እንዲህ ያለ ጨዋታ የመኝታ ዋዜማ አይደለም። ሙዚቃው ልብ ያንጠለጥላል፣ ጣት አያርፍም፣ መጨረሻ ላይ የሰው ጩኸት አለ፤ ያ ሁሉ ተይዞ ነው ትራስ ላይ የሚተኛው። ወደ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት አምጣው። እኛ በልጅነታችን ማቆም የማንችልበት ምክንያት ነበረን፤ የይለፍ ቃል የሚሰጠው በየአራት ሌቭሉ ነበር፣ በይለፍ ቃል ስትመለስ ደግሞ ያጠራቀምከው መሣሪያ የለም፣ ስለዚህ «አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ» እያልን እናመሽ ነበር። የ2021ዱ እትም ያለህበትን ያስቀምጥልሃል። መውጫው በር ሲከፈት፣ የዳኑትን ቆጥራችሁ፣ እዚያው ዝጉት። ሰው በሞተበት ሌቭል ላይ ግን አትዝጉ፤ አንድ ሌቭል ጨምሩና አድናችሁ ውጡ።

ሞተር መጋዝ የያዙትን ሰዎችም አቆያቸው። ገና በመጀመሪያዎቹ ሌቭሎች፣ የቁጥቋጦ አጥር በበዛበት ቦታ ይመጣሉ፤ ዞምቢ አጥር ያግደዋል፣ እነሱ ግን አጥሩን ራሱን እየቆረጡ ይደርሱብሃል። መደበቂያ የሌለው ፍርሃት ለስምንት ዓመት ልጅ ይከብዳል። ይህ የእኔ ጭንቀት ብቻ አይደለም፤ ጌሙ አውሮፓ ሲገባ መጋዙ በመጥረቢያ ተቀይሮ ነበር፣ ኒንቴንዶም ደሙን አስወጥቶ በሐምራዊ ዝቃጭ አስተክቶታል። እናትህ የሚሉት ክርክር ጌሙ ከወጣ ጀምሮ የነበረ ነው፤ እንደ ኋላ ቀርነት አትቁጠርባቸው።

ስለ እሳቸው አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ። በጌሙ ታሪክ ያ የውሃ ሽጉጥ የተሞላው በጠበል እንደሆነ ታውቅ ይሆናል። ይህን ለእናትህ መከራከሪያ አድርገህ አታቅርብ። እሳቸው ጠበል የረጩት ለልጅ ልጃቸው እንቅልፍ ነው፤ ከአሻንጉሊት ሽጉጥ ጋር ብታስተካክለው ይቀየሙሃል፣ እውነትም አላቸው። ሳሎን ተቀምጠው እንዲያዩም አታስገድዳቸው። እሳቸው ያዩት ሙታን ከመሬት ሲወጡ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላዩም። ከጨዋታ በኋላ ልጁ ራሱ ሄዶ «እማማ፣ ዛሬ ሕፃኑን አዳንነው፣ ሥጋ ጠባሹንም» ብሎ ያውራላቸው። ጎረቤት ታመመ ሲባል ነጠላቸውን አንሥተው ሲሮጡ የኖሩ ሴት ናቸውና የልጁን ወሬ ከአንተ ማብራሪያ በላይ ይረዱታል።

የማታዋን ሰዓት ደግሞ ለእሳቸው ስጣቸው። ተረት ያውጉት፤ አንተም አብረህ ተቀመጥ። ተረታቸው ውስጥም ጅብ አለ፣ ሰው የሚበላ አውሬ አለ፤ ግን የሚነገረው በቀስታ፣ ከአጠገቡ ባለ ሰው ድምፅ ነው፣ ልጁ ሲፈራ ደግሞ ይቆማል። አንተም ከልጅህ ጋር ያለችህ ሰዓት አትጠፋም፤ ማታም አጠገቡ ነህ፣ ቅዳሜ ጠዋትም ጆይስቲኩ ይጠብቃችኋል።

ባለቤትህን አስቀድመህ አማክራት። ሽጠው ያለችው ከሌሊት ተረኛነት ስትመለስ ያለቀሰ ልጅ ስለምታገኝ ነው፤ ጌሙ ከመኝታ ሰዓት እንደሚርቅ ስትሰማ ሐሳቧ የሚለወጥ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ አድርገህ ልጁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሌሊት እየባነነ ከተነሣ ጌሙን አንሣው፤ ሕመም ወይም ትምህርት ቤት የሚያስጨንቀው ነገር እንዳለም አጣርተህ ለሕፃናት ሐኪሙ ንገረው።