ኤሌክትሪክ ባጃጅ ልግዛ ላልከው ልጅ

"የቤንዚኑን ባጃጅ ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይ፣ ቀረጥም የለውም ይላሉ" ብለህ ለጠየቅከው የጎንደር ማራኪው ልጅ። "ግዛ ግዛ" የሚልህ ሰው አብዛኛው ተሳፍሮበት እንጂ ነድቶት አያውቅም። እኔ ዓመት ከመንፈቅ ነዳሁት፣ ተቃጥዬበታለሁም ተጠቅሜበታለሁም።

1ኛ ቀረጥ የለውም የሚሉህ ግማሹ ነው እውነቱ። በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪና የተነሳው ኤክሳይዝ፣ ቫትና ሱር ታክስ ነው። የጉምሩክ ቀረጡ ግን ያኔ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 ፐርሰንት፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጠመው ዜሮ ነበር የተባለው። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የት ተገጠመ በለው፣ እኔ ሳልጠይቅ "ቀረጥ ተከፍሎበታል" ብሎ የጫነብኝን ብር ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

2ኛ ባትሪው። አደራህን ሊድ አሲድ (እርሳስና አሲድ ያለበትን የድሮውን ዓይነት ባትሪ) እንዳትገዛ! ርካሽ ነው ብዬ ገዛሁት፣ ሻጩ በአንድ ቻርጅ ይሄን ያህል ኪሎሜትር ይሄዳል አለኝ፣ ለሜዳው ይሆናል። ከአዘዞ ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስል የባትሪው መጠን ማሳያ መስመር ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወርዳል፣ አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ላይ ቀጥ አለ፣ ከኋላ የነበሩት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ "ልጄ ወርደን እንግፋልህ?" አሉኝ፣ እፍረቱን አትጠይቀኝ። ሊድ አሲድ ክብደቱም ብዙ ነው፣ ሙጥጥ እስኪል ማለቅም አይወድም፣ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ ያደረ ቀን ያለችውን ከማሟጠጥ ሌላ ምን ታረጋለህ። ስምንት ወር ሳይሞላው ሞተብኝ፣ እንደገና የሊትየም ባትሪ ገዛሁ፣ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው።

3ኛ ሰሌዳ ለማውጣት ስትሄድ ትዕግስት ይዘህ ሂድ። ፎርሙ ላይ "የሞተር ሲሲ" (የቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ይዘት መለኪያ) የሚል ክፍት ቦታ አለ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ሠራተኛ ኤሌክትሪክ ነው ሲሲ የለውም፣ ጉልበቱ የሚለካው በኪሎዋት ነው አልኳት፣ "ሲሲ የሌለው ሞተር የት አገር ነው ያየኸው" ብላ ወረቀቴን ወረወረችልኝ፣ ሰው ፊት። ሂድ ና ሦስት ሳምንት። በመጨረሻ በሌላ መስኮት ያለ ልጅ አየት አረገና ሲሲ በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ጫረበት፣ አለቀ። ለአንዲት ሰረዝ ሦስት ሳምንት ሥራ ፈታሁ!

እኔ እኮ ፖሊሲውን አልቃወምም። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። መብራታችን ባብዛኛው ከግድብ ነው፣ ከሰል አንድደው መብራት እንደሚያመነጩት አገሮች ጭሱን ከመንገድ አንስተን ፋብሪካ ጓሮ አንወስደውም፣ እዚህ የኤሌክትሪክ መኪና እውነትም ካርቦን ይቀንሳል። ግን ሕጉ ጉምሩክ በር ላይ ቆሞ ቀረ፣ ጎንደር የደረሰው ተሽከርካሪው ብቻ ነው፣ ፎርሙም ቻርጀሩም መካኒኩም ገና መንገድ ላይ ናቸው።

ያም ሆኖ አልሸጠውም። ማደያ ተሰልፈው ያደሩትን ጓደኞቼን ጠዋት ድምፅ ሳላሰማ ሳልፋቸው የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው (ድምፅ አለመኖሩ ግን አራዳ ገበያ ላይ ችግር ነው፣ አህያውም ሰውም ዞር አይልልህም፣ ጡሩንባህን አሠራ)።

4ኛ ብዬ ስለ ቆጣሪ ልጽፍ ነበር፣ ረዘመ። ባይሆን ቀብድ ሳትከፍል በፊት ና የኔን ንዳው፣ ግን ከአዘዞ ተነስተህ ሦስት ሰው ጭነህ ነው።