ሴትና የአለቃ ወንበር፦ ጠይቁኝ

ሰው ሀብት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሴቶች ለምን አለቃ እንደማይሆኑ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ቡና አቅርቤያለሁ፣ መሀል ላይ ብጠፋ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሕጉ እኩል ነው። ታዲያ ምን ያዛችሁ?

መልስ፦ ሰዓት። የቡድን መሪ ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ፈተናም አለ፤ ማን እንደሚያልፍ የሚታወቀው ግን ዓርብ ማታ ቁርጥ ቤት ነው። እኔ ያኔ ቃሊቲ መናኸሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ድሮ ስብሰባችን 11 ሰዓት ይጀመር ነበር፣ ሰርቪሱ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ይነሳል። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ እስከ መጨረሻው ቆየሁ። ቤት ስደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል፣ ልጄ ጎረቤት ሶፋ ላይ ጫማውን እንዳደረገ ተኝቷል። በማግስቱ ባልደረባዬ "ማታ ከአለቃ ጋር ትንሽ ተጫወትን" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ የቡድን መሪ ሆነ። እኔ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ።

ጥያቄ፦ አሠሪ የሚፈራው የወሊድ ፈቃድ አይደል?

መልስ፦ እሱም አለ። በአዋጅ 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። አባት 3 ቀን። እንዲህ ከሆነ ቃለ መጠይቅ ላይ "አግብተሻል?" የሚባለው ማን ይመስልሃል?

ጥያቄ፦ አታጋንኑ ባካችሁ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ላይ ሴት አይደለች እንዴ የተሾመችው?

መልስ፦ አዎ፣ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018። እናት ባንክንም የመሠረቱት 11 ሴቶች ናቸው። ግን ይሄ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚጠሩት እነዚሁ ናቸው። ስለ ወንድ አለቃ ሲሆን ስም የሚቆጥር አለ?

ጥያቄ፦ ኮታስ?

መልስ፦ ኖርዌይ ትልልቅ ኩባንያዎች ቦርዳቸው ላይ ቢያንስ 40 በመቶ ሴት እንዲያስገቡ አስገደደች። ቦርዱ ሞላ፣ የሥራ አስፈጻሚው ወንበር ግን ብዙም አልተነቃነቀም። እኔ ኮታ አልጠላም፣ ግን ከላይ ሳይሆን ከቡድን መሪ ቢጀመር ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነኝ። የቡድን መሪነት መጣልኝ፣ ልጄ ገና 2 ዓመቷ ነው። ልተወው?

መልስ፦ እንዳትሞክሪው! ከመፈረምሽ በፊት ግን ስብሰባ ከ10 ሰዓት በኋላ እንዳይጠራ ጠይቂ። እኔ ስጠይቅ አለቃዬ ሳቀ። ሁለት ወንዶች "እኛም ልጅ ከትምህርት ቤት እናመጣለን" ሲሉ ነው ዝም ያለው። አሁን ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ቁርጡ ግን አሁንም ዓርብ ማታ ነው።