የእናቷን ሰዓት ሳታውቁ ጡጦ አታንሱ

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት አንዲት የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ የጫማ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ነጫጭ ጥንቸሎች አሉ። አንዷ ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች፣ ከኋላዋ በተቅማጥ ርሳለች። ሌላዋ በጎኗ ተኝታ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ልጅቷ በሌላ እጇ የሕፃን ጡጦ ይዛ ነበር። «ዶክተር፣ በየሁለት ሰዓቱ ነው የማጠባቸው፤ ሌሊትም እነሳለሁ» አለችኝ። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። መንገድ ዳር የሸጠላቸው ሰው ሁለት ወር ሞልቷቸዋል ብሎ ነበር። እኔ ሳነሳት መዳፌን እንኳን አልሞላችም፤ ከሦስት ሳምንት ብዙም አላለፋትም።

በጎኗ የተኛችው በዚያው ቀን ሞተች። ልጅቷ ለእነሱ ስትል ያልሆነችው አልነበረም፤ የጎዳቸውም ያ ሁሉ ልፋቷ ነው። ይህን ፊት ለፊቷ ለመናገር አንጀቴ አልቻለም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም እኔም በእናንተ ዕድሜ ያንኑ ሠርቻለሁ።

ጥንቸል በኦሪት ሕግ ከማይበሉት እንስሳት የተቆጠረች ስለሆነች በብዙ ቤታችን ለገበታ አትቀርብም። ስለዚህም ስማር ትምህርቴ በላም፣ በበግ፣ በፍየልና በዶሮ የተሞላ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እናታቸውን ውሻ የገደለባቸው አራት ግልገሎች መጡልኝ፤ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። የላም ወተት አፍልቼ፣ እንደ ሕፃን በጀርባቸው አስተኝቼ አጠጣኋቸው። የአንዷ ወተት በአፍንጫዋ ሲወጣ አየሁ። በማግስቱ ደረቷ ሲያንኮራፋ ዋለና ሞተች። ሁለቱን ተቅማጥ ወሰዳቸው። ለአራተኛዋ ለልጆች የሚሰጠውን የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ሰጠኋት፤ እሷም ሁለት ቀን አልቆየችም። አራቱም እንዴት እንደሞቱ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ እናቲቱን ነው። ጥንቸል እንደ ዶሮ ልጆቿን ታቅፋ አትውልም። ከ30 እስከ 32 ቀን አርግዛ ልትወልድ ስትል ከሆዷ ጸጉር ነጭታ ጎጆዋን ታለብሳለች፤ ራቁታቸውን የተወለዱትን ልጆች በዚያ ሸፍና ትሄዳለች። በ24 ሰዓት ውስጥ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ ትመለሳለች። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አጥብታ ትወጣለች። የምትርቀው አውሬ ጠረኗን ተከትሎ ጎጆውን እንዳያገኘው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ስትርቅ ያይና «ልጆቿን ጠላቻቸው» ብሎ ይወስዳቸዋል። እናት እያላቸው ወላጅ አልባ የሆኑ ስንቱን አይቻለሁ!

ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት ጠዋት ሆዳቸውን እዩ። ጠብታ ያደረች ግልገል ሆዷ ክብና የተወጠረ ነው፤ ገና ጸጉር ያላበቀለች ከሆነች ወተቱ በስሱ ቆዳዋ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያልጠባችው ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆዳዋ ተጨማዷል። ክብ ካገኛችሁ ሸፍናችሁ ተዉአቸው። ሰው የነካቸውን ልጆች እናት ትጥላለች የሚባለው ለቤት ጥንቸል አይሠራም፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ብትመልሷቸው ትቀበላቸዋለች።

እናት በእርግጥ ከሞተች ደግሞ ወተት ከመፈለጋችሁ በፊት በዚያው ሰሞን የወለደች ሌላ ጥንቸል ያለው ሰው ፈልጉ። ግልገሎቹን ከልጆቿ ጋር ብትቀላቅሉላት ብዙ ጊዜ ታጠባቸዋለች። ከዚህ የሚበልጥ መፍትሔ እኔ ዘንድ የለም።

እሱም ካልተገኘ የመጀመሪያው ሥራ ማሞቅ ነው። የቀዘቀዘች ግልገል ወተት አይፈጭላትም። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በካርቶኑ አንድ ወገን ብቻ አስቀምጡ፤ ሲበዛባት ወደ ሌላው ወገን ትሽሽ። በተለይ የአዲስ አበባን የሐምሌ ሌሊት አትናቁት።

ወተቱን በተመለከተ፣ የጥንቸል ወተት ቅባቱ ከ10 በመቶ በላይ ነው፤ የላም ወተት 4 በመቶ ገደማ ነው። ፕሮቲኑም ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል፣ የወተት ስኳሩ ግን በጣም ትንሽ ነው። በቀን አንዴ መጥባት የሚበቃቸው ለዚህ ነው። የላም ወተት በየሁለት ሰዓቱ ስትሰጧቸው ትንሽ ሆዳቸው በውሃና በማይለምዱት ስኳር ይሞላል፣ ያቦካል፣ ተቅማጥ ይሆናል። ለድመት ግልገል የሚዘጋጅ የዱቄት ወተት ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ ካጣችሁ የፍየል ወተት አፍልታችሁ ለብ ሲል ስጡ። ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ። አዲስ ለተወለደች በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ተኩል ገደማ፣ በአንድ ሳምንቷ 6 ወይም 7፣ በሁለት ሳምንቷ 12 ወይም 13 ነው። ትንንሽ ዝርያ ከሆነች ከዚህም ቀንሱ። ሆዷ ሲሞላ አቁሙ፣ ብትፈልግም አቁሙ።

መርፌው የተነቀለለት ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ተጠቀሙ፣ በየጊዜው ቀቅሉት። ግልገሏ በሆዷ፣ በአራት እግሯ እንዳለች፣ ጭንቅላቷ ትንሽ ቀና ብሎ፣ በአፏ ጎን ጠብታ በጠብታ ስጧት፤ ራሷ እየላሰች ትዋጠው። እኔ በጀርባዋ ያስተኛኋት ግልገል ወተቱ ሳንባዋ ውስጥ ነው የገባው። ዓይኗ እስኪገለጥ፣ ማለትም እስከ 10ኛው ወይም 12ኛው ቀን ድረስ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በለብ ያለ ውሃ በራሰ ጥጥ ከሆዷ ወደ ታች በቀስታ እሹላት፣ ሽንቷን ትሽና። ይህንን እናቷ በምላሷ ነበር የምታደርገው።

አንድ ሰው የማያየው ነገር ልጨምርላችሁ። እናት ስታጠባ ጎጆው ውስጥ ጥቂት በጠጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ልጆቹ ያንን ይለቃቅማሉ። ሣር የሚፈጩላቸው ጥቃቅን ተሐዋስያን ወደ አንጀታቸው የሚገቡት እንዲህ ነው። ያለዕድሜዋ ከእናቷ የተለየች ጥንቸል ይህን ሳታገኝ ነው የምትመጣው። ዓይኗ ከተገለጠ በኋላ ከጤነኛ ትልቅ ጥንቸል የሚወርደውን፣ ለስላሳና እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘውን የሌሊት በጠጥ ማግኘት ከቻላችሁ ትንሽ ስጧት። እኔ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ የሰጠኋት ግልገል የሞተችው በሌላ አይደለም፤ በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሊንዳማይሲን የጥንቸልን አንጀት ረዳቶች ጨርሶ መርዘኛውን ባክቴሪያ ያነግሠዋል። ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ፤ ትንሽ ጥንቸልን ተቅማጥ ሲይዛት ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሩጡ።

ጎመንና ካሮት ጥንቸልን ያስደስታታል፣ ለሦስት ሳምንት ልጅ ግን አይደለም። ሻጋታ የሌለው ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ይኑራት፣ ውሃ በዝርግ ሳህን። ሻጩ ምን ያበላት እንደነበር ጠይቃችሁ ያንኑ ቀጥሉ፣ አዲሱን ምግብ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቀላቅሉ። ለማርባት የሚይዙ ሰዎች ከ28 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ይለያሉ፤ ለቤት የምትገዙ ግን ስምንት ሳምንት ያልሞላትን አትግዙ። ሻጩን ተከራከሩት። ተሸክሟት ይመለስ።

ገጠር ያላችሁ ደግሞ፣ በሜዳ ላይ ጸጉር ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ የተቀመጠች ግልገል ካያችሁ ያቺ የዱር ጥንቸል ናት፣ የደጋችን ልጅ። እናቷ ሲመሽ ትመጣላታለች። አታንሷት።

የልጅቷን ሁለተኛ ጥንቸል ወተቱን በቀን ሁለቴ አድርገን፣ ድርቆሽና ሙቀት ሰጥተን፣ ከአንድ ደንበኛዬ ትልቅ ጥንቸል የሌሊት በጠጥ አምጥተን ያዝናት። በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «ዶክተር፣ ቀሰቀስኩዎት? ካርቶኑ ውስጥ በጠጥ አለ! ደረቅ ነው፣ ክብ ነው፤ ቆጠርኩት፣ 17 ነው!»