ቤቱ በግብር ዕዳ ተሸጠ፤ የተረፈው ገንዘብስ የማን ነው? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤትና የመሬት ግብር) ሳይከፈል ከቆየ ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ቤቱን በጨረታ ሊሸጠው ይችላል። ዕዳው ተነስቶ የሚተርፈውን ገንዘብ ብዙ ወገኖቻችን ሳይጠይቁት ያልፋቸዋል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቤቱ ከተሸጠብኝ በኋላ ምን ቀረኝ ብዬ ነው የምጠይቀው?

መልስ፦ ቤቱ ሄዷል፤ ትርፉ ግን የእርስዎ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጄራልዲን ታይለር የሚባሉ አዛውንት 2,300 ዶላር ገደማ ግብር ነበረባቸው። ወለድና ቅጣት ሲጨመርበት 15,000 ደረሰ። ሄነፒን ካውንቲ ኮንዶሚኒየማቸውን በ40,000 ሸጠና የተረፈውን 25,000ም ወሰደው። እሳቸውም ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ፈረዱላቸው፤ መንግሥት ዕዳውን እንጂ ከዕዳው በላይ ያለውን መውሰድ አይችልም አሉ። ያኔ የ94 ዓመት ሴት ነበሩ። ቢሆንም በአብዛኛው ቦታ ካውንቲው ቼክ ጽፎ አይልክልዎትም። ማመልከት አለብዎት።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት «በስምህ 38,000 ዶላር አለ፤ 40 በመቶውን ስጠንና እናውጣልህ» ብሎ ጻፈልኝ። ሌቦች ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡ እውነት ሊሆን ይችላል። የጨረታ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስም እየለቀሙ ይጽፋሉ። ግን እነሱ የሚሠሩትን አብዛኛውን ጊዜ አንተም ራስህ ትሠራዋለህ። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውል፤ ስልኩን ከራሱ ከካውንቲው ድረ ገጽ አውጣ። እንደየስቴቱ ገንዘቡን ትሬዠረሩ (የካውንቲው ገንዘብ ያዥ)፣ የታክስ ኮሚሽነሩ ወይም የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይይዘዋል። የቤቱን አድራሻና የፓርሰል ቁጥሩን (የይዞታውን መለያ ቁጥር) ስጥና «ኤክሰስ ፈንድስ (ትርፍ ገንዘብ) አለ ወይ?» በላቸው። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ «ኤክሰስ ፕሮሲድስ» ይሉታል። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ጠይቅ።

እኔን የሚያስፈራኝ ቀጥሎ የሚመጣው ውል ነው። «አሳይንመንት» የሚል ካለበት መብትህን ጠቅልለህ እየሸጥክ ነው። 2,000 ዶላር እጅህ ላይ ያደርጉና 38,000ውን ይዘው ይሄዳሉ። ገና ሳይጀምሩ ክፍያ የሚጠይቁ ከሆነ ደግሞ በሩን ዝጋባቸው። ቴክሳስ ውስጥ ጠበቃ እንኳ ለባለቤቱ ይህን ገንዘብ ሲያስወጣ ከ25 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ በላይ ማስከፈል አይችልም። 40 በመቶውን ከዚህ ጋር አስተያየው።

ጥያቄ፦ የጊዜ ገደብ አለው?

መልስ፦ አለው፣ በጣምም ይለያያል። ካሊፎርኒያ የገዢው ሰነድ ከተመዘገበ አንድ ዓመት፤ ቴክሳስ ከሽያጩ ሁለት ዓመት፤ ሲያትልና አካባቢዋ ላላችሁ፣ ዋሽንግተን ስቴት ሦስት ዓመት ነው። ጆርጂያ ውስጥ አምስት ዓመት ካለፈው ወደ ስቴቱ ያልተጠየቀ ገንዘብ መዝገብ ሊተላለፍ ስለሚችል እዚያም ፈልጉ። ሚሺጋን ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቤቱ ገና ጨረታ ላይ ሳይወጣ፣ ካውንቲው በወረሰበት ዓመት እስከ ጁላይ 1 ድረስ «ትርፉን እፈልጋለሁ» የሚለው ቅጽ 5743 መግባት አለበት። ብዙ ሰው የሚቀደመው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የቤቱ ሰነድ ላይ ያለው ስሜና መንጃ ፈቃዴ አይገጥሙም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የኛ ሰው በጣም የሚጉላላው በዚህ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ «ገብረማርያም» አንድ ላይ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ «ገብረ» መካከለኛ ስም፣ «ማርያም» የቤተሰብ ስም ሆኗል። ሦስተኛው ላይ የአያት ስም ተጨምሯል። ወረቀቱን ለምታየው ጸሐፊ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ማመልከቻውን ሰነዱ ላይ ባለው ስም፣ ፊደል በፊደል ሙዪ። ስሞቹ ሁሉ የአንቺ መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሚ። ዜግነት ስትወስጂ ስም ቀይረሽ ከሆነ ያንን ማስረጃ አያይዢ። በዚያ አድራሻ የመጡ የግብርና የመብራት ቢሎችም ይጠቅማሉ። የላክሽውን ሁሉ ኮፒ አስቀሪ።

ጥያቄ፦ አባታችን አትላንታ አካባቢ ቤት ነበረው። ካረፈ በኋላ ግብሩን የከፈለ ስላልነበረ ተሸጠ። እኛ አዲስ አበባ ነን።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ወራሾች መጠየቅ ትችላላችሁ። ከኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ያወጣችሁት የወራሽነት ማስረጃ ይረዳል፤ ብቻውን ይበቃል ብላችሁ ግን አትቀመጡ። ቤቱ ባለበት ካውንቲ ያለው የፕሮቤት (የውርስ ጉዳይ) ፍርድ ቤት የውርስ አስተዳዳሪ እንዲሾም ሊያስፈልግ ይችላል። እርስ በርስ ተስማሙና እዚያ ያለ አንድ የምታምኑት ሰው ወክሉ። ለጠበቃ ገንዘብ ቢወጣ የማይቆጨኝ በእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ክፍያውን ግን አስቀድማችሁ በቁርጥ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳም ነበረ።

መልስ፦ ከግብሩ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ባንኩና ሌሎች ባለመያዣዎች ይቀድማሉ፤ ለባለቤቱ የሚደርሰው ከነሱ የተረፈው ነው። ያም ሆኖ ማመልከቻዎን ያስገቡ፤ ባንኩ ላይጠይቅም ይችላል።

ጥያቄ፦ የኔ ገና አልተሸጠም፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የደረሰኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ትርፉን ይተዉትና ቤቱን ያድኑ። ጨረታ ላይ ብዙ ጊዜ ከገበያ ዋጋ በታች ስለሚሸጥ የሚተርፈው ገንዘብ ቤቱን አይተካልዎትም። ነገ ጠዋት ካውንቲው ጋር ይደውሉ። በየወሩ እየከፈሉ የሚጨርሱበት ስምምነት እንዳለ ይጠይቁ። ዕድሜዎ ከገፋ ወይም የአካል ጉዳት ካለብዎት የግብር ቅናሽ ወይም ክፍያውን ለጊዜው ማቆያ ያላቸው ስቴቶች ብዙ ናቸው። የፖስታ አድራሻዎም እዚያው ስልክ ላይ ሳሉ ይስተካከል፤ ቀጣዩ ደብዳቤ የጨረታውን ቀን የያዘ ሊሆን ይችላል።