የእናታችን ወርቅ አብሯት መቀበር ነበረበት?

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች 5 ሳምንት ሆኗታል። ስትታጠብ ሀብሏን፣ ጉትቻዎቿንና የጋብቻ ቀለበቷን አውልቀን አስቀመጥን፤ ማዕተቧን አልነካንም። አሁን አክስቴ «በሕልሜ፣ ጆሮዬን ባዶ አስቀሩት እያለች ታለቅሳለች፤ መቃብሩ ይከፈትና ወርቋ ይግባላት» ትላለች። ወንድሜ ተሽጦ ለተዝካሯ ይዋል ባይ ነው። እናቴ ደግሞ ሀብሉን ለታናሽ እኅቴ በቃል ሰጥታ ነበር። ጥፋት ሠርተን ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእናትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን። ጥፋት አልሠራችሁም። መቃብር መክፈት የሚባለውን ነገር ግን ከቤታችሁ አውጡት።

እንዲህ ያለ ሕልም በየለቅሶ ቤቱ ይሰማል፤ አንዱ ነጠላዋን፣ ሌላው ጫማውን ጠየቀኝ ይላል። ከሥሩ ያለው አሳብ፣ ሟች ወዲያ የሚጎድለው ዕቃ አለ የሚል ነው። የግብፅ ፈርዖኖች ይህን አምነው ከነወርቃቸው ተቀበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንክሃሙን መቃብር ሲገኝ ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላም ወርቁ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። ሐዋርያው «ወደ ዓለም ምንም እንኳ አላመጣንምና፥ አንዳችም ልንወስድ አይቻለንም» ያለው ይህንኑ ነው (1ኛ ጢሞ. 6፥7)።

ሉቃስ ምዕራፍ 16 ላይ ያለውን ባለጠጋ አስቢው። በሕይወቱ ቀይ ልብስና ቀጭን የተልባ እግር ይለብስ ነበር። ከሞተ በኋላ ሲለምን የምንሰማው ግን ስለ ልብሱ አይደለም፤ በጣት ጫፍ የምትነካ ውኃ ነው የፈለገው። ቀጥሎ አልዓዛር ወደ ወንድሞቹ ይላክ ብሎ ሲማጸን አብርሃም «ሙሴና ነቢያት አሉአቸው» ብሎ መለሰለት። ስለዚህ በሕልም መጣ የተባለ ትእዛዝ ቤተሰብን አይገዛም። አክስትሽን ግን አትቆጧት፤ እኅቷን ያጣች ሴት ናት፤ ሐዘኗ ነው የሚያናግራት። ከጉትቻዎቹ አንዱን ጥንድ ተስማምታችሁ ብትሰጧት ምናልባት ሕልሙም ይተዋት ይሆናል።

«የሙት ወርቅ ያሳምማል» የሚሉም አሉ። ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እርስዋ የሠራችውን ቀሚስና ልብስ ለጴጥሮስ እያሳዩ አለቀሱ (ሐዋ. 9፥39)። ሐዋርያው ከእናንተ ይራቅ አላላቸውም።

ማዕተብን ከጌጥ ጋር አለመደባለቃችሁ ደስ ብሎኛል፤ እርሱ የክርስትናዋ ምልክት ነው። መስቀሉ ወርቅ ከሆነ ግን አውልቆ በክሩ ላይ የእንጨት መስቀል ማሰር ይበቃል። የጋብቻ ቀለበቱም አይጨንቃችሁ፤ የጋብቻው ማሰሪያ በሞት ይፈታል (ሮሜ 7፥2)። ቀለበት ማውለቅ ያለበት ከግንዘት በፊት፣ ገላ ሲታጠብ ነው። ጣት ካበጠ ሳሙና ወይም ዘይት ይቀባል። እምቢ ካለ ቀጭን ክር በቀለበቱ ሥር አሾልኮ፣ የቀረውን ከቀለበቱ ጀምሮ ወደ ጥፍር አጥብቆ መጠምጠም፤ ከዚያ በመዳፍ በኩል ያለውን ጫፍ ወደ ጥፍር እየጎተቱ መፍታት ነው፤ ቀለበቱ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ይህም ካልሆነ እንዳለ ይቀበር፤ ሥጋዋን ማንገላታት አይገባም።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። እኔ ከሕልሙ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት ተነግሮ እንኳ ከ500 ብር በላይ ለሆነ ስጦታ አያገለግልም፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ሀብል የለም። ስለዚህ እኅትሽ ሀብሉን የምታገኘው እናንተ የእናታችሁን ቃል አክብራችሁ ስትስማሙ ነው፤ አክብሩላት። አባታችሁ በሕይወት ካለ የእርሱ ድርሻ ይለይ፤ ዕዳ ካለባትም አስቀድሞ ይከፈል። ከዚያ ሁላችሁ ባላችሁበት ወርቅ ቤት አስመዝኑ፤ ከግራሙ ጋር ካራቱንም አስጽፉ። 10 ግራም ባለ 18 ካራት ውስጥ ንጹሕ ወርቁ 7.5 ግራም ነው፤ በባለ 21ዱ 8.75 ይሆናል። ፈርጥ ያለው ቀለበት ከነፈርጡ ከተመዘነም ድንጋዩ እንደ ወርቅ ይቆጠራል። «ግራሙን እኩል አድርገን አካፈልን» ብለው ኋላ የተካካዱ ወንድማማቾች ጥቂት አይደሉም።

ለወንድምሽ ደግሞ እንዲህ በዪው፦ ስለ እናቱ ነፍስ መመጽወት መልካም ነው፤ ነገር ግን የራሱን ድርሻ እንጂ የእኅቱን ሀብል ሸጦ አይደለም። ድንኳን ጥሎ ጠግቦ የመጣውን ጎረቤት ማብላትም ተዝካር አያሰኝም። በ40ው ቀን ጸሎተ ፍትሐቱን አስደርጉ፤ እንጀራውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉት ነዳያን አድርሱ። የክርስትና ስሟን ለካህኑ ዛሬውኑ ጽፋችሁ ስጡ፤ በዕለቱ ግርግር ብዙዎች የሚረሱት እርሱን ነውና።