ትምህርት ከመስቀል በፊት ተጀምሯል

ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ለምትገቡ ልጆች፣

ዩኒፎርም ሊያሰፋ የመጣ አንድ የአዳማ ልጅ «ቲቸር፣ እስከ መስቀል ማንም አያስተምርም አሉ፤ ብቀርስ ምን ይቀርብኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህች ጥያቄ ስንት ጎበዝ ልጅ ወደ ኋላ እንዳስቀረች ስለማውቅ ዛሬም ትቆጨኛለች።

እርግጥ በመጀመሪያው ሳምንት ግቢው ገና ያልተሰበሰበ ይመስላል። የሴክሽን ዝርዝር ዘግይቶ ይለጠፋል፣ ፕሮግራሙ ይቀያየራል፣ ለአንዳንዱ ትምህርት መምህር አልተመደበም። የተመደበው መምህር ግን እናንተን አይጠብቅም። ፊዚክስም ኬሚስትሪም ከመግቢያው ቀጥሎ የሚይዙት ልኬትን ነው። መምህሩ «ይህን ከታች ክፍል ታውቁታላችሁ» ብሎ በጥቂት ፔሬድ ያልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ይጠቀምበታል።

አንዱን እንየው። ወደ ሞጆ የሚሄድ ሚኒባስ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። በሴኮንድ ስንት ሜትር ነው? 72 ሲባዛ በ1,000፣ 72,000 ሜትር። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ ስለሆነ በዚያ ይካፈላል፤ መልሱ በሴኮንድ 20 ሜትር ነው። ብዙ ልጅ የሚወድቀው 60 ላይ ነው፤ በ60 አንዴ ብቻ ያካፍልና 1,200 ብሎ ያሰምርበታል። ሞጆ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በሴኮንድ 1,200 ሜትር የሚበር ሚኒባስ በ21 ሴኮንድ ሞጆ ይገባል፤ ረዳቱ ገና በሩን ሳይዘጋ ማለት ነው! ስለዚህ መልስ ባወጣችሁ ቁጥር «ይህ ሊሆን ይችላል?» በሉ። ስፋት ላይ ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንጂ 100 አይደለም፤ ርዝመቱም ወርዱም 100 ሴንቲ ሜትር ነውና። ይህ ያልገባው ልጅ ግፊት ላይ ሲደርስ ቀመሩን በትክክል ይጽፍና መልሱን ይስታል።

ከሁሉም የማትረሳኝ አንዲት ልጅ አለች። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምራ በጥሩ ውጤት አለፈች። ከመስቀል በኋላ እገባለሁ ስትል ኢሬቻ ደረሰ፤ ያ ካለፈ በኋላ መጣች። በመጀመሪያው የፊዚክስ ቴስት ስሌት አላቃታትም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥያቄ ምን እንደሚፈልግ ነው ያልገባት። «ስቴት» ሲል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ ማለት ነው፤ እሷ ሙሉ ገጽ ሞላች። «ኤክስፕሌይን» ሲል ምክንያቱን ይፈልጋል፤ እሷ ትርጉሙን ብቻ ጻፈች። «ካልኩሌት» ላይ ቁጥሩን በቃሏ ሠርታ መልሱን ያለ ዩኒት አስቀመጠች፤ የአሠራሩም የዩኒቱም ነጥብ ሄደ። ክፍል ውስጥ የነበሩት ይህን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ አይተው ነው የለመዱት። ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም። 11ኛ ክፍል ሶሻል ሳይንስ ገባች፤ ጂኦግራፊን ወዳ ቢሆን ባልከፋ፣ ፊዚክስን ሸሽታ ነው። ሂሳብ ደግሞ እዚያም አገኛት።

በፊት ቢያንስ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ እስከ 2011 ድረስ። ልጁ የት እንዳለ ያኔ ይነገረዋል። አሁን እስከ 12ኛ ከውጭ የሚመዝናችሁ የለም። የክፍል ውጤት በግሩፕ አሳይመንት ይጣፍጣል፤ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የዘንድሮ ልጆች ሰሌዳ በስልክ ፎቶ ማንሳት ጽሑፍ ይመስላችኋል። ቴሌግራም ላይ ሾርት ኖት ሰብስቦ ማስቀመጥም ማጥናት አይደለም። ይህን ስል ግን መጽሐፍ ካልደረሳችሁ ከዚያው ከቴሌግራም አውርዱት፤ እጥረቱ ጥቅምትን አልፎ ሊሄድ ይችላልና።

ደብተር ለየትምህርቱ ለየብቻ ይሁን። አራቱን በአንድ ወፍራም ደብተር የሚጽፍ ልጅ አንዱ መምህር ሊያርም ሲወስድበት በሦስቱ ባዶ እጁን ይገባል። ለፊዚክስና ለሂሳብ ባለ 50 ሉክ፣ ስኩዌር ቢሆን ይሻላል። ከኋላ ሁለት ገጽ ትታችሁ መምህሩ ደጋግሞ የሚጠቀምባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ከነፍቺያቸው ጻፉባቸው፤ በቀን አምስት ይበቃል። በከሰዓት ፈረቃ ከሆናችሁ ጥናቱን ጠዋት ጨርሱ፤ በአዳማ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ውላችሁ ማታ ደብተር አትከፍቱም።

ቀድሞ ያመለጣችሁ ካላችሁ ደብተር ከሁለት ልጅ ተዋሱ፤ አንዱ የዘለለውን ሌላው ጽፎታል። ሁሉንም አትገልብጡ፣ የተሠሩትን ጥያቄዎች ብቻ ውሰዱ፣ መልሱን ሸፍናችሁ እንደገና ሥሩ። ያልሄደላችሁን ጥያቄ ይዛችሁ መምህሩ ጋ ፔሬዱ እንዳለቀ ሂዱ፤ እረፍት ሰዓት ላይ ስታፍ ውስጥ ሻይ ይዞ ነው የምታገኙት። «አልገባኝም» ብቻ አትበሉት፤ የቆማችሁበትን መስመር በጣታችሁ አሳዩት።