የባንክ አመራሮች አክሲዮን ሲገዙ ማወቅ መብቴ ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሕርማታ አካባቢ ነጋዴ ነኝ። በአንድ የግል ባንክ አክሲዮን አለኝ። የቦርድ አባላቱ አክሲዮን እየሰበሰቡ ነው ይባላል። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ የዚያ አገር ባንክ ኃላፊዎች የገዙትን ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳይቶኛል። እዚህስ ማየት እችላለሁ? ደግሞ ባንኩ ውስጥ የምትሠራ ዘመዴ «የዘንድሮ ትርፍ ትልቅ ነው፣ ሳይታወጅ ጨምር» ብላኛለች። ብገዛ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ጣጣ ያለው እሱ ላይ ነው። ያልታወጀ ትርፍ የውስጥ መረጃ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 በእንዲህ ያለ መረጃ መገበያየትንም፣ መረጃውን ለሌላ ማቀበልንም ይከለክላል። ስለዚህ ጉዳዩ እርስዎንም እሷንም ይነካል። ባንኩ በኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ገና ያልተመዘገበ ቢሆን እንኳ ዘመድዎ የባንኩን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት፤ በቴሌግራም የምትጽፍልዎት አንድ መስመር እንጀራዋን ሊያሳጣት ይችላል። ሒሳቡ ኦዲት ሆኖ ለባለአክሲዮኖች እስኪገለጽ ይታገሡ።

ወደ መጀመሪያው ልመለስ። በአሜሪካ ዳይሬክተር፣ ከፍተኛ ኃላፊ ወይም ከ10 በመቶ በላይ የያዘ ባለድርሻ የኩባንያውን አክሲዮን ሲገዛ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ «ፎርም 4» የተባለውን የግብይት ማሳወቂያ ቅጽ ያስገባል፤ ኤድጋር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ማንም በነፃ ያየዋል። የወንድምዎ ልጅ የግብይት ኮዱን ይመልከት፦ «ፒ» ካለ ሰውየው ከኪሱ አውጥቶ ገዝቷል፤ «ኤ» ካለ ኩባንያው የሰጠው ነው። ከላዩ እናት ኩባንያ በሌለው ባንክ ፎርሙ የሚገባው ለባንክ ተቆጣጣሪው ስለሆነ፣ ኤድጋር ላይ ቢያጣው አይገረም።

እዚህ ግን መነሻዎ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ነው። መዝገቡ ዋና መሥሪያ ቤት እንጂ ጅማ ቅርንጫፍ አይገኝም። ባለአክሲዮንነትዎን የሚያሳይ ሰነድ አያይዘው ለአክሲዮን ክፍሉ ማመልከቻ ይጻፉ፤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን ያስመቱ። «መዝገቡን ልይ» ብቻ አይበሉ፤ የቦርድ አባላቱ ይዞታ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ዕለትና ዛሬ ስንት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ። ባንኩ ለሕዝብ ሽያጭ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ኩባንያውና ስለሚሸጠው አክሲዮን ለገዢዎች የሚገልጽ ሰነድ) አውጥቶ ከሆነ ያንንም ያገላብጡ።

ሲያነጻጽሩ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ ስላዘዘ፣ ብዙ ባንክ አዲስ አክሲዮን ሸጧል። 1,000 አክሲዮን የነበረው ዳይሬክተር ካፒታሉ በ50 በመቶ ሲያድግ 1,500 ቢደርስ፣ ድርሻው ንቅንቅ አላለም፤ የደረሰውን ወሰደ እንጂ «ሰበሰበ» አይባልም። 2,200 ከሆነ ግን ተጨማሪውን 700 ከማን እንደገዛ መጠየቅ ያስኬዳል። መዝገቡ ላይ ያለው ዝውውሩ የተመዘገበበት ቀን እንጂ ውሉ የተፈረመበት ቀን ላይሆን ስለሚችል፣ ቀኑን ብቻ ይዘው ሰው አይወንጅሉ። በትዳር ጓደኛ ወይም በድርጅት ስም የተያዘውም በዳይሬክተሩ ስም ሥር አይታይም።

አክሲዮን ክፍሉ በቃል «አይቻልም» ካለዎት ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልሰጡዎት ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዘው ለቦርዱ ሰብሳቢ ያመልክቱ፤ እሱም ዝም ካለ ለፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ማስረጃ ያው ቅጂ ነው።